መልኩ ነውን ወይስ ባሕርዩ የተለወጠው?

በየቤታችን ከማለዳ እስከ ማታ ነገር ሁሉ ሲለወጥ ይውላል። ውሃው ይፈላል፤ ቅቤው ይቀልጣል፤ ሊጡ ይቦካል፤ ከሰሉ አመድ ይሆናል፤ ቢላዋው ይዝጋል፤ የታጠበው ልብስ ይደርቃል። ይህን ሁሉ ዕለት ዕለት ስለምናየው አይደንቀንም፤ ስለማይደንቀንም አንጠይቅበትም። ነገር ግን ከነዚህ ለውጦች አንዳንዶቹ የነገሩን መልክ ብቻ የሚቀይሩ ሲሆኑ፥ ሌሎቹ ነገሩን ራሱን አጥፍተው በስፍራው ሌላ ነገር የሚያቆሙ ናቸው። ይህን ልዩነት ማወቅ ለተማሪ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ለቤተ ሰብም የንብረት፥ የጤና፥ አንዳንድ ጊዜም የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፥ ከጓዳና ከምድጃ በተገኘ ምሳሌ ለመግለጽ አስበናል።

የመጀመሪያው ዐይነት ለውጥ በዘመናዊው ትምህርት አካላዊ ለውጥ ይባላል። ውሃ ሲቀዘቅዝ በረዶ፥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ሦስቱም ስማቸው ይለያይ እንጂ ባሕርያቸው አንድ ነው፤ እያንዳንዷ የውሃ ቅንጣት፥ ሊቃውንቱ ሞለኪውል የሚሏት፥ በሦስቱም ዘንድ ከሁለት የሃይድሮጅንና ከአንድ የኦክሲጅን አቶም የተሠራች ናት። የተለወጠው ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡበትና የሚንቀሳቀሱበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ዐይነት ኬሚካዊ ለውጥ ይባላል። እንጨት በእሳት ሲበላ ቅንጣቶቹ ይፈርሳሉ፤ ፈርሰውም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ይጣመሩና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝና የውሃ እንፋሎት ይሆናሉ። አመድ ሆኖ የሚቀረው እሳት ሊበላው ያልቻለው ጥቂት ማዕድን ነው። በአመዱ ውስጥ እንጨት ቢፈለግ አይገኝም፤ ተሰውሮ ሳይሆን ከቶ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ለውጥን ባየን ጊዜ ሁሉ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ነገር ያው ነውን? ወይስ ሌላ ሆኗል?» የሚለው ነው።

ለውጥ ሁለት ዐይነት እንደ ሆነ ሁሉ የነገር ጠባይም ሁለት ዐይነት ነው። አካላዊ ጠባይ የምንለው ነገሩን ሳናጠፋ የምናውቀውን ነው፤ ቀለሙ፥ ሽታው፥ ጥንካሬው፥ ክብደቱ፥ የሚቀልጥበትና የሚፈላበት ሙቀት ከዚህ ይቈጠራሉ። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የገበታ ጨው ግን ሙቀቱ 801 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። ወርቅ መጠኑ ከሚተካከለው ውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ናስ ግን 8 እጥፍ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም ናስ በወርቅ ቢለበጥ ዐይንን ያታልል ይሆናል እንጂ መጠኑንና ክብደቱን አብሮ የሚመረምረውን ሰው አያታልለውም። ውሃም በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገዩት ስለዚህ ነው፤ ውሃው እየተንተከተከ ቢታይም ሙቀቱ ዝቅተኛ ነውና። እሳቱን ማብዛትም ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል እንጂ ከዚያ በላይ አያሞቀውም።

ኬሚካዊ ጠባይ ግን ነገሩ ሌላ መሆን ሲጀምር ብቻ የሚገለጥ ነው። የብረት መዛግ፥ የላምባ መቀጣጠል፥ የወተት መኮምጠጥ ከዚህ ወገን ናቸው። ወርቅ በእሳት ይፈተናል መባሉም ይህን ያስረዳል፤ ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ነገር ግን ከኦክሲጅን ጋር መጣመር ጠባዩ ስላልሆነ፥ ከእሳቱ ሲወጣ ያው ወርቅ ነው። ከዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር በልባቸው እንዲያኖሩልን እንለምናለን፤ ዐይንና አፍንጫ የሚደርሱበት አካላዊውን ጠባይ ብቻ ነው። ኬሚካዊው ጠባይ ግን እስኪነሣ ድረስ ተሰውሮ ይኖራል። ወደዚህ ቃል ኋላ እንመለስበታለን።

በብዙ ተማሪዎች ዘንድ «ወደ ቀድሞው የሚመለስ ለውጥ አካላዊ፥ የማይመለስ ኬሚካዊ ነው» የሚል አባባል በቃል ተይዞ ይገኛል። ይህ አባባል ለጅማሬ ይረዳ ይሆናል እንጂ ፍርድ መስጫ ሊሆን አይችልም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ነገር ግን መሬት ላይ የፈሰሰው ያው ውሃ ነው። ጤፉ ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱን ወደ ፍሬነት የሚመልስ የለም፤ ነገር ግን ዱቄቱ ያው ጤፍ ነው። የተሰበረ ብርጭቆም ቢሰበር ያው ብርጭቆ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ኬሚካዊ ሆነው ሳሉ የሚመለሱ ለውጦች አሉ። የመኪና ባትሪ ኃይሉን ሲሰጥ በውስጡ ያለው እርሳስና አሲድ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲሞላበት ወደ ቀድሞ ባሕርያቸው ይመለሳሉ። የኖራ ነገርማ ከዚህ የበለጠ ያስገርማል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቅቀውና ፊት ያልነበረ ነጭ ነገር ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው በብርቱ ይግላል፤ በውሃ ተበጥብጦ ግድግዳ ከተቀባ በኋላም የተለየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ጥቂት በጥቂት እየሳበ እንደ ገና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ መመለስና አለመመለስ ምልክት እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሕጉ ባሕርይው መለወጡ ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። አንድ ወተት ሁለቱንም ዐይነት ለውጥ ያስተምራል። ወተቱ ሲረጋ በዐይን የማይታዩ ሕዋሳት በውስጡ ያለውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ እርጎው የሚኮመጥጠው ስለዚህ ነው፤ ይህም ኬሚካዊ ለውጥ ነው። እርጎው በቅል ሲናጥ ግን የሚወጣው ቅቤ አዲስ የተፈጠረ አይደለም። ቅባቱ አስቀድሞም ከወተቱ ውስጥ በደቃቅ እንክብሎች ተበትኖ ነበር፤ መናጡ እንክብሎቹን አጋጭቶ ሰበሰባቸው፤ ስለዚህ መናጥ አካላዊ ሥራ ነው። ቅቤው ሲነጠርም ቅባቱ ይቀልጣል፤ በውስጡ የነበረውም ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ሕዋሳት ያለ ውሃ ሊራቡ አይችሉምና ንጥር ቅቤ ብዙ ጊዜ የሚቈየው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ለጋው ቅቤ ውሎ አድሮ ሽታው ሲለወጥና ሲበስል፥ ቅባቱ ራሱ እየፈረሰ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ቅቤ ቅመም ሊሸፍነው ይችል ይሆናል፤ መልሶ ማንጠር ግን ለጋ አያደርገውም።

ስለ ማርም አንድ ቃል እንጨምር። ማር በብርድ ጊዜ ሲደነድን «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ተብሎ ሻጩ በሐሰት ሲወቀስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የማር መደንደን አካላዊ ለውጥ ነው፤ ከማሩ ስኳሮች አንዱ፥ ግሉኮስ የሚባለው፥ ከፈሳሹ ተለይቶ እንደ አሸዋ ፍሬ ይረጋል። ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ማሩ ቀስ ብሎ ይፈታል። በእሳት ላይ ጥደው ቢያፈሉት ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መዓዛውም ቅንጣቱም ይበላሻል። እነሆ፥ የለውጥን ዐይነት አለማወቅ ንጹሑን ሰው ሊያስወቅስ፥ ደኅናውንም ማር ሊያበላሽ ይችላል።

ቡና ሲፈላም ረከቦቱ እንደ ትምህርት ቤት ገበታ ነው። ጥሬው ቡና ሲታጠብ አካላዊ፥ ሲቈላና ሲጠቁር ኬሚካዊ፥ በሙቀጫ ሲወቀጥ አካላዊ ለውጥ ያገኘዋል። በጀበና ሲፈላ የቡናው ጣዕምና ቀለም በውሃው ይሟሟል፤ ስኳር ወይም ጨው ሲጨመርም እንዲሁ። ከጀበናው በታች ያለው ከሰል ግን ኬሚካዊውን ሥራ ሳያቋርጥ ይሠራል። እናት ልጇን «አሁን የተደረገው የትኛው ነው?» እያለች ብትጠይቀው፥ በአንድ የቡና ጊዜ ከብዙ ገጽ ንባብ የሚበልጥ ማስተዋል ታተርፍለታለች።

ኬሚካዊ ለውጥ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉት፤ እነርሱም የቀለም መለወጥ፥ የጋዝ መውጣት፥ የሙቀት ወይም የብርሃን መታየት፥ የአዲስ ሽታ መምጣት፥ ከሁለት ጥሩ ፈሳሾች ዝቃጭ መውረድ ናቸው። ነገር ግን ምልክት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ሊጥ ሲቦካ የሚወጣው አረፋ እርሾው የፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ውሃ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ግን ራሱ ውሃው በእንፋሎት መልክ ነው። ከሰል የሚያበራው እየተቃጠለ ነው፤ የቀድሞው ዐይነት የኤሌክትሪክ አምፑል ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ግን ከመጋል የተነሣ ያበራል እንጂ አይቃጠልም፤ መብራቱ ሲጠፋ ያው ሽቦ ነው። ስለዚህ ዳኛው ሁልጊዜ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ሁለቱ ለውጦች በአንድ ስፍራ አብረው ሲሠሩ ማየት የሚወድ ሰው ጧፍ ወይም ሻማ ያብራ። የብረት ቀጥቃጭ ልጅና በወጣትነቱ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ የነበረው እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴይ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ፥ በገና ሰሞን በሎንዶን ለወጣቶች ስድስት ትምህርት የሰጠው በዚሁ በሻማ ነበር። ሰሙ በነበልባሉ አጠገብ ይቀልጣል፤ የቀለጠው በፈትሉ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከዚያም ተንኖ እንፋሎት ይሆናል፤ እስከዚህ ድረስ አካላዊ ለውጥ ነው። የሚቃጠለው ያ የሰም እንፋሎት ሲሆን፥ ከኦክሲጅን ጋር በሚጣመርበት ቅጽበት ኬሚካዊው ለውጥ ይጀምራል። ደረቅና ቀዝቃዛ ብርጭቆ በነበልባሉ ላይ ጥቂት ከፍ አድርገን ብንደፋ ውስጡ በጤዛ ይሸፈናል። በሰሙ ውስጥ ውሃ አልነበረም፤ ጤዛው ከሰሙ ሃይድሮጅንና ከአየሩ ኦክሲጅን አዲስ የተወለደ ውሃ ነው።

ሻማው ነዶ ሲያልቅም ጠፋ ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ላቯዝዬ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፥ በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ ነገር ከነገር ጋር ይቀናበራል እንጂ የጠቅላላው ክብደት አይጨምርም፥ አይጐድልምም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ሲነድ ከሦስት ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ትርፉ የመጣው ከአየሩ ኦክሲጅን ነው። የዛገ ብረትም ዝገቱ ካልረገፈ ከመዛጉ በፊት ከነበረው ይከብዳል።

ይህ ዕውቀት ቤት ለሚሠራ ሰው ገንዘብ ነው። ጭቃ በጭድ ተቦክቶ የተለሰነ ግድግዳ በእውነት ይደርቃል፤ ውሃው ይወጣል፥ አፈሩም ይቀራል፤ ዝናብ ቢመታው ደግሞ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ ያበጀችው እንስራ ግን ሳይተኰስ በፊት ውሃ ቢነካው ሲፈርስ፥ ከተተኰሰ በኋላ ገሉ እንኳ ዓመት ሙሉ በውሃ ቢዘፈዘፍ ጭቃ አይሆንም፤ እሳቱ የአፈሩን ቅንጣት ለውጦታልና። ሲሚንቶንም «ደረቀ» እንላለን፤ ነገር ግን ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃውን በማጣቱ ሳይሆን ከውሃው ጋር በመጣመሩ ነው። ስለዚህ አዲስ የተገነባውን ቶሎ ይድረቅ ብሎ ለፀሐይ መተው ማዳከም ነው፤ ውሃው ሥራውን ሳይፈጽም ከተነነ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፥ ብርታትም ያጣል። ብልህ ግንበኛ ቢያንስ እስከ ሰባት ቀን ውሃ የሚያጠጣው፥ በእርጥብ ጆንያም የሚሸፍነው ስለዚህ ነው። ቤት ሠሪው ሲሚንቶ ለመግዛት ያወጣውን ብር አንድ ባልዲ ውሃ ከመንፈግ የተነሣ ሊያጣው አይገባም።

የልብስ ነገርም እንዲሁ ነው። ሳሙና የቅባቱን እድፍ ከክሩ ለይቶ በውሃው ያሳጥበዋል፤ እድፉም ልብሱም ባሕርያቸውን አይለውጡም። በረኪና ግን እድፉን አያጥብም፤ የቀለሙን ቅንጣት ይሰብረዋል። ነጭ አቡጀዲ ሲነካ ያነጣዋል፤ የነጠላ ጥለት ሲነካ ግን ቀለሙን ያጠፋዋል፤ የጠፋውንም ቀለም የሚመልስ እጥበት የለም። ከልብሱም የሚከፋ ነገር አለ። በረኪና ከአሲድ ጋር፥ ማለትም ከኮምጣጤ፥ ከሎሚ ጭማቂ ወይም ከአንዳንድ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባለውን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ቢቀላቀልም እንዲሁ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። «ሁለት ማጽጃ ከአንድ ይበልጣል» ብሎ መቀላቀል ሰውን አንቆ የሚጥል ስሕተት ነው። በድንገት ቢደርስ ሁሉን ትቶ፥ በርና መስኮት ከፍቶ፥ ፈጥኖ ወደ ሜዳ አየር መውጣት ይገባል።

ከላይ በልብ እንዲቀመጥ የለመንነው ቃል የሚያስፈልገው ከዚህ ላይ ነው። ላምባ፥ በረኪናና የመሳሰለው መድኃኒት በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድቶ በየመደርደሪያው ሥር ይገኛል። ሕፃኑ የሚያየው አካላዊውን ጠባይ ነው፤ ፈሳሹ እንደ ውሃ ጠርቷል፥ ጠርሙሱም የሚያውቀው ነው። የፈሳሹ ኬሚካዊ ጠባይ የሚገለጠው ግን ከጕሮሮው ከደረሰ በኋላ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ነገር ከገዛ ዕቃው እንዳይገለበጥ፥ ከፍ ካለም ስፍራ ተቈልፎ እንዲቀመጥ አደራ እንላለን። ልጅ ጠጥቶ ቢገኝ እንዲያስታውክ ማስገደድ አይገባም፤ ያቃጠለው ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥላል፥ ላምባም ወደ ሳንባ ይገባልና። ጠርሙሱን ይዞ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

የመጨረሻውና የከፋው የከሰል ነገር ነው። ከሰል አየር እንደ ልቡ ሲያገኝ ነዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ሌላ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይንም አያስለቅስም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ጽናት ይይዘዋል፤ በዚህም ሰውየው አየር እየሳበ ሳለ በውስጡ ይታፈናል። ብዙ ሰዎች ከሰሉ በደጅ ተቀጣጥሎ፥ ጭሱ አልቆ፥ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ጠርቷል» ብለው ለብርዱ ከመኝታ ቤት ያስገቡታል፤ በሩንም ይዘጋሉ። ያለቀው ግን የሚታየው ጭስ ነው፤ የማይታየው ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ከመውጣት አያቋርጥም። ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ፥ ከዚያም ከባድ እንቅልፍ ይከተላል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማንደጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይደር፤ በውስጡም ሰው አይተኛ። ድንገት የታመመ ቢኖር ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ፥ ራሱን አውቆ ቢነሣም እንኳ፥ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

ሁሉም ነገር በሁለት ጎራ በቀጥታ ይከፈላል ማለታችን አይደለም። እንቁላል ሲቀቀል ስለሚሆነው፥ ጨውም በውሃ ሲሟሟ ስለሚሆነው፥ «ይህ ከየትኛው ወገን ነው?» ብለው የሚከራከሩ መምህራን አሉ፤ ሁለቱም ከድንበሩ ላይ የቆሙ ናቸውና። ልጆቻችን እንዲህ ካለው ጥያቄ ሲደርሱ መልሱን በቃል ከመቀበል ይልቅ ምክንያቱን ቢመረምሩ ትምህርታቸው ይሠምርላቸዋል።

ወላጆችም ያለ ብዙ ወጪ ሊረዷቸው ይችላሉ። ጨው በውሃ አሟሙተው በሰፊ ሳሕን ለፀሐይ ያስቀምጡ፤ ውሃው ሲተን ጨው ተመልሶ ይገኛል። በአሮጌ ማንኪያ ጥቂት ስኳር ይዘው እሳት ላይ ያሙቁ፤ ፊት ይቀልጣል፥ ኋላም ይጠቁራል፤ ከጥቁሩ ዘንድ ጣፋጩ አይመለስም። አንድ ምስማር በደረቅ ብርጭቆ፥ አንዱንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለሳምንት ያቆዩና ልጁ ራሱ አይቶ ይፍረድ። እሳት ባለበት ሙከራ ሁሉ ግን ታላቅ ሰው ከአጠገቡ አይለይ።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ልጁ ዛሬ በማንኪያና በምስማር የተማረውን ነገ በማንደጃውና በጠርሙሱ ፊት እንዲያስታውሰው፥ አስተማሪው በሰሌዳ፥ ወላጁም በጓዳ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁት።